የማን ጸሎት ይቅደም?

ጅማ ውስጥ ፈጣሪን የማያምን ሰው ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ሥራ ነው። አዛኑና ቅዳሴው ሌሊት ላይ ይገናኛሉ። እሁድ ረፋድ ከየአዳራሹ መዝሙር ይጨመርበታል። የባጃጁ መስታወት ላይ እንኳ ወይ የማርያም ሥዕል አለ፣ ወይ «ማሻአላህ» ተጽፏል። ስለዚህ ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎች እዚህ ከተማ ተሰብስበው ሲቀመጡ ችግራቸው እምነት ማጣት አይደለም። እምነትማ ሞልቷል። ከባዱ ይሄ ሁሉ እምነት አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ይህን የምለው ከጎን ሆኜ ነው። እኔ አልቅምም፣ አልጠጣም። ታላቅ ወንድሜን ግን ዓመታት በልቶታል። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ጨብሲ። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ጫቱ ያነቃል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ያንን ለማብረድ ቢራ ወይም አረቄ ይከተላል። ጨብሲ የሚባለው ይሄ ነው። ጠዋት ራስ ምታትና ድብርት፣ ምሳ ሲደርስ ደግሞ እንደ አዲስ።

አሁን ጋሼ እንደሱ ካሉ ሰዎች ጋር የሚሰበሰብበት ትንሽ ቡድን አለ። ስም የለውም፣ ሰሌዳ የለውም። አንዳንድ ቅዳሜ ለቤተሰብ ክፍት ስለሚሆን እኔም እየሄድኩ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ።

የሚጀምረው ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ተሰብስቦ ጫት የሚቃምበት በርጫ የሚዘረጋበት ሰዓት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ጉልበቱ ይደክማል። ለዚህ ነው በኮባ ተጠቅልሎ በየቀኑ ትኩስ ትኩሱ የሚመጣው። ገበያው ሰዓት አለው፣ ሐራራውም ሰዓት አለው። ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ከተፍ ይላል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሰው ሌላ ቦታ ተቀምጦ መገኘት አለበት። የቡድኑ ግማሽ ጥበብ ይሄው ይመስለኛል።

አንድ ሰሞን የአንዱ ልጅ እናት በቅንነት ለውዝ ቆልተው አመጡ። ሳህኑ መሃል ላይ ከመቀመጡ ሁለት ሦስት ልጆች ተነስተው ወጡ። ለውዝ የበርጫ ዕቃ ነው። ሽታው ብቻውን ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ለውዝ ተከለከለ። ቡና ላይ ግን ትልቅ ክርክር ተነሳ። ቡናም የጫት ጓደኛ ነው። ግን ጅማ ተቀምጦ፣ የቡና አገር ላይ፣ ቡና አይፈላም ሊባል ነው? በመጨረሻ ስብሰባው አልቆ ሰው ሊበተን ሲል፣ ቆሞ፣ አንድ ስኒ ብቻ ይጠጣ ተባለ። እስካሁን የሚያጉረመርሙ አሉ።

ከቡናው በላይ ያከራከረው ጸሎቱ ነበር። ቡድኑ መጀመሪያ የተሰበሰበው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ሙስሊሞቹ አልመጡም፤ ማን ይፈርድባቸዋል። ከዚያ ከሁሉም ገለልተኛ የሆነ ክፍል ተገኘ። ጸሎቱ ደግሞ በየሳምንቱ በተራ ይሁን ተባለ። በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነበር። የጴንጤው ልጅ ተራ ሲደርስ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ገባበት። «የጫት መንፈስ፣ ልቀቅ!» እያለ ሃያ ደቂቃ ያህል ገሠጸ። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ኡስታዝ መሬት መሬቱን ያያል። በሌላው ሳምንት ኡስታዙ ዱዓ ሲያደርግ ደግሞ እጁን የዘረጋው ግማሹ ሰው ነው፤ ሌላው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። አንድ ሽማግሌ አባል ናቸው የገላገሉት። «ሁሉም በልቡ ያድርስ። እኔ ቤቴ ሰግጄ ነው የመጣሁት» አሉ። አሁን መጀመሪያ ላይ አጭር ዝምታ አለ። ማን ለማን እንደሚጸልይ አይጠየቅም።

ይህ ክርክር ግን ጅማ ላይ አልተጀመረም። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቁት የሱስ ማገገሚያ ቡድኖች ሥራቸው ሲቆፈር የሚገኘው አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም መጠጥ የጣላቸው ሰዎች ነበሩ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ከዚያ ተወለደ። ሁለቱም ያለፉበት የኦክስፎርድ ቡድን የሚባል የክርስቲያን እንቅስቃሴ ነበር፤ መሪው ፍራንክ ቡክማን የተባለ የሉተራን ቄስ ነው። ኃጢአትን ለሌላ ሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ፣ ራስን ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመው መጽሐፋቸው ገና ሲዘጋጅ፣ ከሱስ የሚወጣ ሰው የሚከተላቸው አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ሲጻፉ ግን ከመካከላቸው የማያምኑት አጉረመረሙ። እንዲህ በግልጽ እግዚአብሔር፣ እግዚአብሔር ከተባለ ብዙ ሰው ከበር ይመለሳል አሉ። በስምምነት አንድ ነገር ተጨመረ፦ «እያንዳንዳችን እንደተረዳነው አምላክ»። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ «ከእኛ የሚበልጥ ኃይል» ተባለ።

ያም ሆኖ ሙግቱ አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1996 የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እስረኛን እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አስገድዶ ማስቀመጥ ሃይማኖትን መጫን ነው ብሎ ፈርዷል። ሃይማኖት የማያነሱ ቡድኖችም ተቋቁመዋል። ስማርት ሪከቨሪ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ የጀመረ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። እዚያ ማዶ ያቺ ሐረግ የተጨመረችው ለማያምነው ሰው በር ለመክፈት ነው። እዚህ ደግሞ ለተቃራኒው ችግር ትጠቅማለች። በጣም የሚያምኑ፣ ግን በተለያየ መንገድ የሚያምኑ ሰዎች ተጎራብተው እንዲቀመጡ ታደርጋለች። የኛን ሽማግሌ ሐሳብና የአክረኖቹን ሐሳብ ሳስተያያቸው የሽማግሌው ይበልጥብኛል፤ ቃል እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ሃይማኖት ከሱስ ያወጣል የሚለውን ነገር ጅማ ላይ ቆሞ መናገር የሚከብደው በሌላም ምክንያት ነው። እዚህ ሃይማኖት በሁለቱም ወገን ተሰልፎ አለ። ጫት ሌሊቱን ሙሉ ዚክርና ዱዓ ለሚያደርግ ሰው እንቅልፍ ማባረሪያ ሆኖ የኖረ ቅጠል ነው። ሐድራ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይ ተመርቆበት የሚታደል ነገር ነው። ወጣቶቹ ኡስታዞች ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። አንዳንድ የቆዩ ሽማግሌዎች ደግሞ አባቶቻችን ያደረጉት ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የቡታጅራ ጥናት አለ፤ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተጠየቁበት ነው። ከሚቅሙት ውስጥ 80 በመቶዎቹ የሚቅሙት ጸሎት ላይ ሐሳባቸው እንዳይበተን እንደሆነ ተናግረዋል። ጫት ተው፣ ወደ ፈጣሪህ ተመለስ የሚባለው ሰው እኮ ጫቱን የያዘው ወደ ፈጣሪው ለመቅረብ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ክርስቲያኑም ቤት ያው ነው። እናታችን የማርያም ጽዋ ማኅበር አላቸው። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። ጠላ የሌለበት ማኅበር ምን ማኅበር ነው? መጠጥ ያቆመ ሰው ግን እዚያ ቤት ሲገባ ጽዋው ላይ ነው ዓይኑ የሚያርፈው። ጴንጤዎቹ በዚህ በኩል ቀሎላቸዋል። ቤታቸው መጠጥም ጫትም አይገባም። የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ሃይማኖቱ ምን ጠቀመ? ጋሼን ስጠይቀው ስለ እግዚአብሔር አይደለም መጀመሪያ የሚያወራኝ። ስለ ሰዓት ነው። የቡድኑ ወጣት ኡስታዝ አንድ ቀን የተናገረውን ደጋግሞ ያነሳል። ቁርአን መጠጥን የከለከለው በአንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ይሄ በቀራ ላይ ነው። ቀጥሎ ሰክራችሁ ወደ ሶላት አትቅረቡ ተባለ፤ ኒሳእ ላይ። በመጨረሻ ማኢዳ ላይ ጨርሶ ራቁት ተባለ። ኡስታዙ መካከለኛዋ ላይ ቆመ። «በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው ስካሩ በርዶለት የሚደርሰው በየትኛው ሰዓት ላይ ነው? ዙሁር አለ፣ አሱር አለ፣ መግሪብ አለ። መጠጡ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ ማለት ነው» አለ። ጋሼ ክርስቲያን ነው፤ ግን ይህቺን ነገር ይዞ ሄደ። ማታ ማታ ቢራ ቤት የሚሄድበት ሰዓት ላይ ሠርክ ጸሎት መሄድ ጀመረ። ስብከቱን ሰምቶት ይሁን አይሁን እንጃ። ግን በዚያ ሰዓት ቢራ ቤት አልነበረም።

ጾምም ያግዛል፣ ግን በልኩ። ረመዳን ላይ ከንጋት እስከ መግሪብ ጫት ሳይነካ የዋለ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ለካ ሐራራው መጥቶ ይሄዳል፣ አይገድልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን መጠጥ ሳይቀምስ የከረመም እንደዚያው። ችግሩ ማታው ነው፣ ፋሲካው ነው። ቀን የተወውን ማታ የሚያካክስ ስንት አለ። ፋሲካ ላይ ቆጥቦ ያጠራቀመ የሚመስል ጠጪም አይተናል። አንዱ የቡድኑ አባል ባጃጅ ነጂ፣ ረመዳን ሲገባ ሁሌ ያቆም ነበር፤ ዒድ ማግስት ሁሌ ይጀምር ነበር። ዘንድሮ ረመዳን ሲያልቅ ብቻውን እንዳይሆን ጋሼ በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደውልለት ጀመር። እሱ ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ላይ ለጋሼ ይደውላል። አንዱ የሚፈራው ከሰዓቱን ነው፣ ሌላው ምሽቱን። ስልኩ ላይ ብዙ አያወሩም። «የት ነህ?» «መስመር ላይ ነኝ።» «በቃ እሺ።»

አሁን ወደ ጴንጤዎቹ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ጎልቶ የሚታየው ግን እነሱ ጋ ነው። ምስክርነት የሚባል ነገር አለ። ሰው መድረክ ላይ ይወጣና ጌታ ከዚህ ሱስ ነጻ አወጣኝ ብሎ ይናገራል። ሕዝቡ ሃሌሉያ ይላል፣ እልልታ ይሆናል። ቡድኑ ውስጥ ያለች አንዲት ወጣት እንዲህ መስክራ ነበር። ቪዲዮዋ በሰው ስልክ ሁሉ ዞረ። ከጥቂት ወራት በኋላ መጠጡ ተመለሰ። ታዲያ ወደ የትኛው ደጅ ትሂድ? ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ታሪኳ አልቋል፣ ተጨብጭቦለታል። እንደገና ወድቄያለሁ ብትል ጌታን ያሳፈረች ይመስላታል። ስለዚህ ደበቀች። ሴት ስትሆን ደግሞ መደበቁ እጥፍ ነው። ቡድኑ ጋ ስትመጣ ያወራችው ከሁሉ በፊት ይህንን ነበር። ማንም አልተገረመም። ሲስተር (ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቡድኑን የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው) «ዛሬስ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «ዛሬ አልጠጣሁም» አለች። ሌላ ሰው መናገር ቀጠለ።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ፍጻሜ ይወዳሉ። ንስሐ ገባ፣ ተውባ አደረገ፣ ተፈታ። ቡድኑ ፍጻሜ አይጠይቅም። ተነስቶ የወደቀ ሰው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እዚህ አገር ለንስሐ የሚሆን ቦታ ብዙ ነው። ስለ ድጋሚ ውድቀት ሰው ምን ይለኛል ሳይባል የሚወራበት ግን ጥቂት ነው።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ምክንያቱም ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው። ጠበል ሄዶ የዳነ ሰው አውቃለሁ፤ አላጣጥለውም። ግን ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ቀጥ ሲያደርገው ሰውነቱ ይናወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ላብ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። ይሄ ጠበል ቦታ ላይ ሲሆን ሰይጣኑ ጮኸ፣ ሊወጣ ነው ይባላል። ሲስተር ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸው ይለወጣል። ጫት ሲቆም እንዲህ አያደርግም፤ እንቅልፍ፣ ድብርት፣ ቅዠት ነው የሚያመጣው። መጠጥ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ከዚያ ይጠመቅ፤ ወይም አብሮ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበልና የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት አብረው መሄድ ይችላሉ ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የስንቱን ክኒን ከመጣል አድኖታል። ስለ መጠጥም እንዲህ ደፍሮ የሚናገር አባት በየጠበሉ ቢገኝ ምን አለበት?

የሳይንሱ ወገን ምን ይላል ለሚል ሰው፦ ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ አለ። 27 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቶ፣ መጠጥን ጨርሶ በማቆም በኩል እነዚህ የአሥራ ሁለት ደረጃ ቡድኖች ከሌሎች የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የማያንሱ፣ እንዲያውም የሚበልጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የግምገማው መሪ ጆን ኬሊ ቡድኑ የሚሠራው በምን በኩል ነው ብሎም ብዙ መርምሯል። ለብዙው ሰው ዋናው ነገር የጓደኛ ለውጥ ሆኖ አግኝቶታል፦ የሚጠጣ ጓደኛ ይቀንሳል፣ የማይጠጣ ይጨምራል። መንፈሳዊነቱ ጎልቶ የሚጠቅመው ሱሱ በጣም የከፋባቸውን ነው። ጥናቱ ስለ መጠጥ እንጂ ስለ ጫት አይደለም፤ ያም ቢሆን እኔ ካየሁት ጋር ይገጥማል። በጣም የወደቀው ሰው ነው አምላኩን አጥብቆ የሚይዘው። ሌላው የሚይዘው ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ነው።

አንድ የማያምን ሰው አለን፣ ካልኩት ሁሉ ጋር የማይሄድ። የኮሌጅ መምህር የነበረ ነው፣ ሁሉም ቲቸር ይሉታል። ዝምታው ላይ እጁን አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አንድ ቀን ኡስታዙ ቀልድ አስመስሎ «ቲቸር፣ አንተ በልብህ ምን ትላለህ?» አለው። «የሰዎቹን ስም እጠራለሁ» አለ። «የመጣውን፣ ያልመጣውን።» እሱ እንደሚለው ከእሱ የሚበልጠው ይሄ ክፍል ነው። ኡስታዙ ራሱን ነቀነቀ፤ ተስማምቶ ይሁን አዝኖለት አልገባኝም። ያልመጣው ሰው ቤት ድረስ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቲቸር ነው።

ሰሞኑን ቡድኑን የከፈለው ሌላ ነገር ነው። ጸሎቱን የገላገሉት ሽማግሌ መውሊድ ላይ ሄደው ነበር። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሼኹ መረቁ፣ ጫቱ ታደለ። ያዙ። ቅዳሜ መጥተው ተናገሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ኡስታዙ ይሄ ሐራም ነው፣ ወድቀዋል አለ። ባጃጅ ነጂው «ለአላህ ብለው የያዙትን ከበርጫ ጋር አታነጻጽር» ብሎ ተቆጣ። ሲስተር እንደ ልማዳቸው አጭር ጥያቄ ጠየቁ። «በማግስቱስ?» ሽማግሌው ትንሽ ቆዩ። «በማግስቱ ፈለግኩ። በሦስተኛውም ቀን» አሉ። እኔ ከኡስታዙም ከባጃጅ ነጂውም አልሆንም። ሐራም ነው አይደለም የሚለውን ሼኾቹ ይጨቃጨቁበት። ሰውነት ግን ምርቃቱን ከምርቃናው አይለይም። ሽማግሌውም ይህን ያውቁታል፤ ባያውቁ ኖሮ መጥተው አይናገሩም ነበር።

ጋሼ ያን ቀን ብዙም አልተናገረም። መንገድ ላይ ነው የነገረኝ። የማርያም ማኅበር በሚቀጥለው ወር እናታችን ጋ ነው። ጠላ ከተጠመቀ ቤቱ ለሳምንት ጠላ ጠላ ይሸታል፣ እሱም የሚያድረው እዚያው ነው። ብርዝ ይሁን ብሎ ጠይቋቸዋል። የማኅበሩ ሴቶች ብርዝ ከሆነማ አንመጣም ብለዋል፤ እየቀለዱ ይሁን እየመረሩ ገና አልለየም። የባጃጅ ነጂው እናት ደግሞ ይህን ሰምተው ቀሪቦ የሚባለው የማያሰክር የገብስ መጠጥ እንዴት እንደሚሠራ ለእናታችን ላሳይ ብለዋል። እናታችን እያሰቡበት ነው። ገብሱን ግን ገና ለብቅል አልነከሩም።